የእህቴ ቃል ዕድሜው ሁለት ሰዓት አይደለም

እህቴ መልእክቱን ልካ ነበር። ወረቀቱ ግን «ያልተላከ» ይላል። በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ታላቅ እህቴ፣ ስድስት ልጅ አሳድጋ፣ ባሏን ቀብራ፣ ቤቷን ብቻዋን ያስተዳደረች ሴት፣ በገዛ ልጇ የእህል ቤቷን ቁልፍ ተቀማች። ሲቀማት እኔም አጠገቡ ቆሜ ራሴን በእሺታ እየነቀነቅኩ ነበር። እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። የሚጽፍልኝ ስላጣሁ እኔው እጽፈዋለሁ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ያውም ልጅ አዝዬ፣ ከመሠረተ ትምህርት ጀምሬ። መጻፍ አይከብደኝም። የሚከብደኝ፣ የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሰው የሚናገር ወረቀት ነው።

ነገሩ የመጣው በተከራዬ በኩል ነው። ደብረ ማርቆስ ባለው ግቢዬ የጓሮዋን ክፍል የያዘችው መምህርት ከሩቅ አገር የመጣች ልጅ ናት። እምነታችን አንድ አይደለም፤ ግን በጾማችን ቀን ሥጋ ስትሠራ በሯን ዘግታ፣ በወዲያ በኩል ያለውን መስኮት ከፍታ ነው። ይህን አድርጊ ያላት የለም። በዚህ ወደድኳት። ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ ከማስተማሩ ሌላ ደግሞ ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ጥናት ይዛለች።

«የምን ጥናት ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣ «መኪኖች እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ነው እማማ» አለችኝ።

«ሹፌሮቹ መቼ ዝም አሉና!»

ሳቀች፤ ከቦርሳዋም አንድ ፍሬ ሳሙና የምታክል ጥቁር ሳጥን አውጥታ አሳየችኝ። ይህች ሳጥን በሚኒባስና በባጃጅ መስታወት ሥር ትታሰራለች። ሁለት መኪኖች ሲቀራረቡ ሳጥኖቹ ይነጋገራሉ፤ አንደኛው የያዘውን መልእክት ለሌላው ይሰጣል፤ ያም ለሌላ። የስልክ ምሰሶ የሌለበት አገር ቢሆንም መልእክቱ ከመኪና መኪና እየዘለለ ማርቆስ ይደርሳል፤ በእርሷ ኮምፒውተር ላይ ይነበባል።

ይህ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። እናታችን ለዘመድ ቃል የምትልከው በገበያተኛ ነበር። በገበያ ቀን ጠዋት ደጃፋችን ትቆምና የሚወርደውን ሰው አስቁማ «ለእገሊት እንዲህ በልልኝ» ትላለች። ሰውየው እስከዚያ የማይደርስ ከሆነ ገበያ ውስጥ ወደዚያ የሚሄድ ፈልጎ ያስተላልፋል። የሚያስተላልፍለት ቢያጣ ቃሉን ይዞ ያድራል እንጂ አይጥለውም። ሲመለስ ደግሞ የቱንም ያህል ቢደክመው ደጃችን ቆሞ «ቃልሽን ለእገሌ ሰጥቻለሁ» ወይም «ሰው አጥቼ ይዤዋለሁ» ሳይል አያልፍም። ሳይናገር ያለፈ ሰው ዳግመኛ ቃል የሚሰጠው የለም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው።

«እንግዲያው ይህ ሳጥን ገበያተኛ ነዋ» አልኳት።

«በትክክል! ገበያተኛ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ሰምቼ አላውቅም» አለች።

ሳጥኑን ያመንኩት በዚህ ቃሏ ነው።

እህቴ የምትኖረው ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ስልክ አላት፤ ነገር ግን መንደሩ ከሸንተረሩ ጀርባ ስለሆነ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ደግሞ ጉብታ መውጣት ቀርቶ የደጇን ድንጋይ በእግሯ እየዳሰሰች ነው የምታልፈው። ስለዚህ ሳጥኑ እዚያ መንደር እንዲገባ የለመንኩት እኔ ነኝ። አብሬ ወጥቼ መንደርተኛውን ያግባባሁትም እኔ ነኝ። አንዷ ሳጥን መንገድ ዳር ካለው ወፍጮ ቤት ተቀመጠች። ወፍጮ ቤቱን የያዘችው ሴት መጻፍ ስለምትችል ሰው የነገራትን ትጽፋለች፤ የሚያልፈው ሚኒባስ መልእክቱን ሲወስድ ሳጥኗ ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ሽማግሌዎቹ «ይህ ነገር የምንናገረውን ለማን ይወስደዋል?» ብለው ሲጠራጠሩ «በእኔ ይሁንባችሁ» አልኳቸው።

በእኔ ይሁን ብያለሁ። ወደ ኋላ ስለምመለስበት ነው አሁን የምናገረው።

የእህቴ ዓይን የሞራ ግርዶሽ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ማርቆስ የሕክምና ተራ ያዝኩላት፤ ለሐሙስ። ሰው ልኬም እንዲህ አልኳት፦ «የምትመጪ ከሆነ ረቡዕ በሳጥኑ ንገሪኝ፤ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ካልነገርሽኝ አልተመቻትም ብዬ ተራውን እለቅቃለሁ።» ተራ ይዞ መቅረት የሌላውን ዓይን እንደ መንጠቅ ነውና።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ የተከራዬ በር ላይ ተመላለስኩ። «መጣ?» እላለሁ፤ «ገና ነው እማማ» ትላለች። ሲመሽም አልመጣም። ሐሙስ በማለዳ ሄጄ ተራውን ለቀቅኩ። ከሉማሜ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ሲጠባበቅ የሰነበተ አንድ ገበሬ ገባበት። መረቀኝ። ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

እኩለ ቀን ላይ ደጄ ባጃጅ ቆመ፤ ውስጡ እህቴ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ መናኸሪያ ቆማ ነበር። ስልኳ ባትሪ ጨርሷል። ሰው ሁሉ ይገፋታል፤ ረዳቶቹ «እማማ ወዴት ነዎት? አዲስ አበባ? ባሕር ዳር?» እያሉ እጇን ይጎትታሉ። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሹፌር አዝኖላት፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተከትለህ ሂድ ብትለው አገኘኝ።

«አንቺ» አለችኝ ከባጃጁ ሳትወርድ፣ «እህቴ ነሽ ወይስ የእንጀራ እናት ልጅ?»

«እታለም! ሳትልኪብኝ እንዴት መጣሽ?»

«ልኬያለሁ! ‹ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ፣ መናኸሪያ ጠብቂኝ› ብዬ ልኬያለሁ! እዚያ ቆሜ የሴት ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንቺ ነሽ እያልኩ ዞር ስል ዋልኩ። ነጠላሽን እንኳ ከሌላው ነጠላ መለየት እንደማልችል ታውቂ የለም?»

ተከራዬን ጠራኋት። ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች፤ አገላብጣ አየች፤ አንገቷን ደፋች። «ከወፍጮ ቤቱ ረቡዕ የደረሰ መልእክት የለም እማማ። እዚህ የሚለው ‹ያልተላከ› ነው።»

እንግዲህ እዚህ ላይ እኔ ምን አደረግኩ? ከአንድ ማሕፀን የወጣችውን እህቴን ትቼ የኮምፒውተሩን ቃል አመንኩ። «እታለም፣ ረስተሽው ይሆናል። ልላክ ብለሽ አስበሽ የላክሽ መስሎሽ ይሆናል። ዕድሜ ነው» አልኳት።

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አረንጓዴው ሲበራ አይቻለሁ። እሱን የማይበት ዓይንማ አለኝ» አለች። እስከ ቅዳሜ ሌላ አልተናገረችኝም።

ቅዳሜ ልጇ ሊወስዳት መጣ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ለእናቱ የሚያርስላት፣ ውኃ የሚያስቀዳላት እርሱ ነው። ነገሩን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ። «አክስቴ፣ እኔ እኮ ስጠረጥር ቆይቻለሁ። ዛሬ መልእክት የረሳች ነገ የእህል ቤቱን ከፍታ ትሄዳለች» አለኝ። ከዚያ ወደ እርሷ ዞረና «እናቴ፣ ቁልፉን እኔ ልያዝልሽ፤ ለአንቺ ብዬ ነው» አላት። ለአንቺ ብዬ ነው! ከሰው እጅ ነገር የሚወስድ ሁሉ የሚናገራት ናት።

መቀነቷን ፈታች፤ ቋጠሮዋን በጣቷ ፈልጋ አገኘች፤ ቁልፉን አወጣች፤ ሰጠችው። እኔም «ይሻላል» አልኩ። አዎ፣ ብያለሁ።

በቀጣዩ ሳምንት ረቡዕ ልጠይቃት ወጣሁ። ስደርስ ምራቷ ወንዝ ወርዳ እህቴ ብቻዋን ተቀምጣለች። እንግዳ ነኝና ገብስ ልትቆላልኝ ተነሳች። ተነስታ ግን የእህል ቤቱ በር ጋ ስትደርስ እጇ ወደ መቀነቷ ሄደ፤ ባዶ ነው። ተመልሳ ደጅ ወጣችና እርሻ ላይ ያለ ልጇን ተጣራች፦ «አንተዬ! አንድ ጭብጥ ገብስ ልወስድ ነው፣ መጥተህ ትከፍትልኛለህ?»

አንድ ጭብጥ ገብስ። እርሷ የዘራችው፣ እርሷ ያጨደችው።

«ተይው፣ አልበላም» ብዬ ተነሳሁና በቀጥታ ወፍጮ ቤት ሄድኩ።

ወፍጮ ቤቱን የያዘችው ሴት ዱቄት ከቅንድቧ እየጠረገች ሰማችኝና ተቆጣች። «ማነው አልላኩም ያለው? እኔው በእጄ ጻፍኩላቸው፤ እንዲያውም ‹መናኸሪያ› የሚለውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ሚኒባሱ ሲያልፍ አረንጓዴው በራ። እትዬ፣ እኔን ውሸታም ሊሉኝ ነው የመጡት?»

«አይደለም። ውሸታሙን ልፈልግ ነው የመጣሁት። የትኛው ሚኒባስ ነው?»

«ያ ፊቱ ላይ የተሰነጠቀ መስታወት ያለው ነዋ። አሁን ሮብ ገበያ ወርዶ ተራ እየጠበቀ ይሆናል።»

ወርጄ አገኘሁት። ገባሁና ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። አገራችንን የማያውቅ ሰው ቢያነበው እንዲገባው፣ ሮብ ገበያ ላይ ሚኒባስ ደረሰ ማለት ይሄዳል ማለት አይደለም። ተራ ይይዛል። ከፊቱ ያሉት አንድ በአንድ እስኪሞሉ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ ራሱ እስኪሞላ ይጠብቃል። የገበያ ቀን መኪናው ይበዛል፤ ተሳፋሪው ደግሞ ሸጦ ገዝቶ እስኪጨርስ አይመጣም። ስለዚህ ሹፌሩ ሞተር አጥፍቶ ጥላ ሥር ይጋደማል። እኔም ተቀመጥኩ። ሳጥኗ መስታወቱ ሥር ተንጠልጥላ ዓይን ለዓይን ተያየን።

ብዙ ቆይቼ ሹፌሩን ጠየቅኩት። «ልጄ፣ ያለፈው ረቡዕ ከዚህ በስንት ሰዓት ወጣህ?»

«ያለፈው ረቡዕ? ኧረ እኔ አልወጣሁም እማማ። ዘጠነኛ ነበርኩ፤ ተራዬ ሳይደርስ መሸብኝ። እዚሁ አድሬ ሐሙስ በማለዳ ነው የወጣሁት።»

ረዳቱ ከበሩ ላይ ጣልቃ ገባ። «ያን ቀን እኮ ዓይናቸው የደከመ፣ ከላይ በሰው ተመርተው የወረዱ እናት ጋቢና አስቀምጠን ነበር። ‹ማርቆስ እህቴ ትጠብቀኛለች› እያሉ መንገዱን ሙሉ ሲያወሩን።»

ይህን ስሰማ መሳቅም መጮህም አማረኝ። እህቴ ሐሙስ የተሳፈረችው ረቡዕ ቃሏን በወሰደላት በዚያው ሚኒባስ ነው። ቃሏ ግንባሯ ፊት ተንጠልጥሎ ሊሆን ይገባው ነበር። ታዲያ ማርቆስ ሲደርስ እርሷ ስትወርድ ቃሏ የት ገባ?

ቤቴ ስገባ ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ የተከራዬን በር አንኳኳሁ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ ጭንቅላቷን ያዘች።

«እማማ… የመልእክቱ ዕድሜ አልፎ ይሆናል።»

«የምን ዕድሜ?»

«እያንዳንዱ መልእክት ዕድሜ እንዲኖረው አድርገናል። ሁለት ሰዓት። በሁለት ሰዓት ካልደረሰ ሳጥኑ ራሱ ይጥለዋል። ካልሆነ አሮጌ መልእክት ሳጥኑን ይሞላዋል።»

«ሁለት ሰዓት ያለው ማነው?»

«መንገዱ እኮ ያን ያህል አይወስድም። ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ጨምረን ነው።»

«መንገዱ አይወስድም፤ ተራው ነው የሚወስደው! አንቺ ራስሽ ከዚያ ስትመጪ ስንት ጊዜ ነው ቁርስሽንና ምሳሽን ሚኒባስ ውስጥ የበላሽው?»

«ደግሞስ» አልኳት፣ «ከፊቱ ስምንት መኪና ነበረ። ለምን ለአንዱ አልሰጠውም?»

ይህንን ስታስረዳኝ ቆየች። ሳጥኗ መልእክት የምትሰጠው ወደ ማርቆስ ከእርሷ ፈጥኖ ለሚሄድ መኪና ነው። ተራ ላይ ግን ሁሉም ቆመዋል። የቆመ ከቆመ አይበልጥምና ሳጥኗ ለማንም አትሰጥም። የተነሳው መኪና ፍጥነቱ እስኪታይ ደግሞ ከአጠገቧ ርቋል። ስለዚህ ከፊት ያሉት እየተነሱ ሲሄዱ ሳጥኗ ቃሉን ይዛ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች፤ ከዚያ ጣለችው። ለማንም አልተናገረችም። ማርቆስ ያለው ኮምፒውተር የደረሰውን ብቻ ያውቃል፤ ከአንድ ቦታ የቀኑ መልእክት ካልደረሰው «ያልተላከ» ብሎ ይጽፋል፤ የጥናቱ ወረቀት ላይ የሚታተመውም ይኸው ነው።

«ገበያተኛ ነው ብለሽኝ ነበር። ገበያተኛ ቃል አይጥልም። ቢጥል እንኳ ተመልሶ ጣልኩት ይላል እንጂ ላኪዋን አልላከችም አይላትም።»

ዓይኗ እንባ ሞላው። አዘንኩላት፤ ግን አልተውኳትም።

በማግሥቱ የጥናቱ ኃላፊ ዘንድ ይዛኝ ሄደች። ትሑት ሰው ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ፤ ውኃም አስመጣልኝ። ሲናገር ግን እንዲህ አለ፦ «እናቴ፣ አብዛኛው መልእክት እኮ ደርሷል። እንዲህ ባለ ሥራ ጥቂት መጥፋቱ የሚጠበቅ ነው።»

«የደረሰው ለደረሰለት ደርሷል። የእኔ ጥያቄ ስላልደረሰው ነው።»

«‹ያልተላከ› የሚለውም የምድብ ስም ነው እንጂ እህትዎን ለማማት አይደለም።»

«ልጄ፣ የምድብህ ስም የእህቴን ቁልፍ ወስዷል። አርመው።»

«ወረቀቱን ወደ ኋላ ተመልሰን ብንነካው ጥናቱ ይበላሻል። ለወደፊቱ ግን እናሻሽለዋለን።»

ለወደፊቱ! ስንት ቢሮ ይህን ቃል ሰምቼ ወጥቻለሁ። የወደፊቱ ሲሻሻል ያለፈው ይታረማል ብለው የሚያስቡ ሰዎች ሞልተዋል። «እንግዲያው በእኔ ይሁን ብዬ ያስገባሁትን ሳጥን በእኔ ይሁን ብዬ አስወጣዋለሁ» ብዬ ተነሳሁ። የቀረበልኝን ውኃ አልጠጣሁም።

ተከራዬ ደጅ ላይ ደረሰችብኝ። «እማማ፣ ጊዜ ይስጡኝ። መጀመሪያ ሳጥኑን ላስተካክል፤ ከዚያ ወረቀቱን አልተውም። ብቻ ይርዱኝ፤ ሳጥኑ ተራውን እንዴት ይወቅ? ተራ አስከባሪው ስም የሚጽፈው በደብተር ነው፤ ሳጥን ደብተር አያነብም።»

«ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይወጣል፤ ምኑ ነው የከበደሽ? ሳጥኖቹ ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምከው ብለው ይጠያየቁ። ከሁሉ ይበልጥ የቆየው ቀጥሎ የሚወጣው ነው። ለእርሱ ይስጡት።»

መንገድ ላይ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ሮጠች ማለት ይቻላል፤ ወደ ክፍሏ ገብታ ሁለት ሳምንት አልወጣችም። የሁለት ሰዓቱንም ዕድሜ አነሳችው፤ ሳጥኗ መልእክቱን እስክታደርስ ወይም ላኪው ይቅር እስኪል ድረስ ትይዘዋለች።

በገበያ ቀን ሞከርነው። እኔ ከወፍጮ ቤቱ «ደህና ነኝ» ብዬ ላክሁ፤ እርሷ ማርቆስ ተቀምጣ ጠበቀች። ሁለት ቀን ጠበቀች። ለካ ሮብ ገበያ ላይ አንድ ጎማው የተነፈሰ ሚኒባስ ከሰኞ ጀምሮ ቆሞ ኖሯል። ሳጥኖቹ ሲጠያየቁ ከሁሉ የቆየው እርሱ ሆነ፤ ስለዚህ የመንደሩን መልእክት ሁሉ አክብረው ለእርሱ አስረከቡት። ደህና ነኝ ማለቴ ከተነፈሰው ጎማ ጋር ተቀመጠ።

«የእርስዎ ምክር እኮ ነው!» አለችኝ ተከራዬ፤ ስትቆጣ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«የእኔ ምክር ተራ ላይ ስላለ መኪና ነው እንጂ ስለ ተበላሸው አይደለም። ከኋላው የመጣ ቀድሞት ከወጣ እርሱ ተራ ላይ አይደለም ማለት ነው። ይህን ደግሞ ሕፃን ያውቀዋል።»

«ሳጥን ግን አያውቀውም።»

«ንገሪያታ!»

ነገረቻት። ሦስተኛው ነገር ደግሞ የመልስ ቃል ነው፤ ይህንን ካልጨመርሽ አልስማማም ብያታለሁ። ወደ ላይ የሚመለሰው መኪና ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ሳጥኑ «ደርሷል» ወይም «ገና ይዤዋለሁ» ይላል። ወፍጮ ቤቱ ያለው ሳጥን ላይ ሌላ መብራት ተጨመረ፤ ሰማያዊ። አረንጓዴው ሄደ ማለት ነው፤ ሰማያዊው ደረሰ።

በዚህ መሀል ለእህቴ ሁለተኛ ተራ ይዤላት ነበር። ረቡዕ ላከች፤ «አሁንስ ትመጪያለሽ ወይስ ደግሞ ዕድሜ ነው ትይኛለሽ?» የሚል ነበር። የወሰደው ሚኒባስ አምስተኛ ነበር፤ መልእክቱ ግን ቀጥሎ በሚወጣው ተሳፍሮ ከምሳ በፊት ማርቆስ ገባ። ሐሙስ በማለዳ መናኸሪያ ሄጄ፣ ከሩቅ እንድትሰማኝ «እታለም! እታለም!» እያልኩ እንደ ረዳት ጮኽኩ። የቀኝ ዓይኗ ተሠራ።

ሰው ሁሉ ነገሩ ያበቃ መሰለው። ኃላፊው ተከራዬን «በጣም ጥሩ ውጤት ነው» አላት። የተሻሻለውን ሥራ ለሌሎች ሊያቀርቡት ነው። ቁልፉ ግን አሁንም የልጇ ኪስ ውስጥ ነው። ዓይኗ ዳነ እንጂ ስሟ አልዳነም፤ ልጇ «ያሁኑን ላከች፤ የያኔውን ግን ረስታ ነበር» ይላል፤ ወረቀቱም የሚመሰክረው ለእርሱ ነው።

ስለዚህ በየሳምንቱ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። ወንበር ይሰጠኛል፤ እቀመጣለሁ። «ዛሬስ?» እላለሁ። «እያየነው ነው» ይላል። ጸሐፊዋ ገና ስታየኝ በሩን መክፈት ጀመረች። በመጨረሻ ተከራዬ ያንን የተሰነጠቀ መስታወት ያለውን ሚኒባስ ፈልጋ ሳጥኗን ፈታች። ሳጥኗ የተቀበለችውንና የጣለችውን በራሷ ትመዘግባለች፤ እስከዚያ ቀን ግን ማንም ከፍቶ አላየውም ነበር። ከወፍጮ ቤቱ የተቀበለችበት አለ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የጣለችበትም አለ። ተከራዬ ይህን አትማ ኃላፊው ፊት አስቀመጠችው። ብዙ አየው። ከዚያ ደብዳቤ አስጻፈ፤ ማኅተምም አስደረገበት።

እሁድ ተከራዬና እኔ ወጣን። ልጇ ደጅ ላይ ሞፈር እያበጀ ነበር። እህቴ የቀኝ ዓይኗን ከፀሐይ በእጇ ጋርዳ አየችን፤ «ይህችን ልጅ ዛሬ ገና አየኋት፤ ለካስ ቀጭን ናት» አለች። ተከራዬ ደብዳቤውን አነበበች፦ «የተጠቀሰው መልእክት የቆይታ ጊዜው በማለፉ ምክንያት ከሥርዓቱ የተወገደ መሆኑን እንገልጻለን።»

ልጇ ሞፈሩን አስቀመጠ። «ይህ የቢሮ አማርኛ አይገባኝም» አለ። «ተወግዷል ማለት ምን ማለት ነው? ማን አስወገደው? እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እናቴ ያን ቀን ልካለች ወይስ አልላከችም?»

ተከራዬ ወረቀቱን አጠፈችና ወደ እህቴ ዞረች፤ መልሱንም ለልጇ ሳይሆን ለእርሷ ሰጠች።

«ልከዋል፣ እናቴ። አልረሱም። የጣልነው እኛ ነን።»